ከሐኪሞቼ የደበቅሁት ቀዶ ሕክምና

ሳሉ ሲጀምረኝ የበረኪና መስሎኝ ነበር። ኮሮና ዱባይ የገባ ሰሞን አሠሪዬ ማዳም የበሩን እጀታ፣ የመብራቱን ማብሪያ፣ ከሱቅ የመጣውን የወተት ጠርሙስ ሳይቀር በቀን ሦስት ጊዜ በበረኪና እንድወለውል አዝዛኝ ነበር። ቤታቸው አል ባርሻ ነው። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ኤሲ ብቻ ይሠራል፤ እኔ ባልዲዬን ይዤ ከክፍል ክፍል እዞራለሁ። ሳሉ ደረቅ ነው፤ አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው። ብቻ ደረጃውን ስወጣ መሃል ላይ ቆሜ ትንፋሼን መሰብሰብ ጀመርኩ። ወደ አርባ እየተጠጋሁ ስለነበር ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሉባባ እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ያኔ እዚያ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ሰባተኛ ዓመቴ ነበር። ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ይህን በጊዜው ለሐኪም ተናግሬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ግማሽ ገጽ ብቻ ይሆን ነበር። ወደ ዱባይ ከመምጣቴ ሁለት ዓመት በፊት ደሴ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ማህፀኔ ወጥቷል። ምክንያቱ ማዮማ ነው፤ ማህፀን ላይ የሚበቅል፣ ካንሰር ያልሆነ የጡንቻ እጢ። ብዙ ሴቶች ያውቁታል። የእኔው በዝቶ ደሙ አልቆም ስላለ ሌላ መንገድ አልነበረም። ከባሌ ከተፋታሁ በኋላ ስለሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለእናቴ ትርፍ አንጀት ነው አልናት። እውነቱን የምታውቀው ታላቅ እህቴ ዘሃራ ብቻ ነበረች፤ ያስታመመችኝም እሷ ናት። ከሆስፒታል ስንወጣ ባጃጁ ውስጥ እጄን ይዛ፣ "ይህን ካወቁ የሚያገባሽ አይኖርም፤ ኤጀንሲውም አይቀበልሽም። አፍሽን ያዢ" አለችኝ። ያዝኩ።

ማዳም ሳሌን የሰማችው እራት ሳቀርብ ነው። በማግስቱ አፍንጫዬ ውስጥ እንጨት ተከተተ፤ ውጤቱም ኮሮና የለባትም አለ። እሷ ግን አላመነችም። ከማእድ ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍሌ ውስጥ አሥራ አራት ቀን ዘጋችብኝ። ክፍሏ አልጋና ሻንጣ ብቻ ትይዛለች፤ መስኮት የላትም፣ ግድግዳው ላይ የምትሽከረከር ትንሽ ፋን ብቻ አለች። ምግቤ በር ላይ ይቀመጣል፤ ማዳም አንኳኩታ ትሄዳለች፤ ኮቴዋ ሲርቅ እከፍታለሁ። ሌላውን ሰው ሳላይ የሰውን ድምፅ ሁሉ ከክፍሌ ሆኜ እለይ ነበር።

በእነዚያ ቀናት ያቆየኝ የጀማል ስልክ ነው። ጀማል የቤቱ ሾፌር ነው፤ የሐርቡ ልጅ፣ ጋራዡ አጠገብ ባለች ክፍል የሚኖር። ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት ስለ ትዳር አንሥቶልኝ ነበር፤ እምቢም እሺም ሳልለው ቆይቻለሁ። አሁን በመሃላችን ሁለት ግድግዳ ብቻ እያለ በስልክ እያወራን ይህ ነገር ሲያልፍ አገር ገብተን ኒካህ እናስራለን ይለኛል። ሦስት ልጅ ይበቃናል ይላል፤ ለመጀመሪያው ስም ሁሉ መርጦለት ነበር። እኔ ሳሉን ሰበብ እያደረግሁ ስልኩን እዘጋለሁ።

አሥራ አራቱ ቀን አልቆ ወጣሁ፤ ሳሉ ግን አልወጣልኝም። ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ለቅቄ መሳል ተማርኩ። እንዲህ እየሸሸግሁ ሦስት ወር ሠራሁ።

የዱባይ ሙቀት በባሰበት ወር የመኖሪያ ፈቃዴ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ። ለዚያ ደግሞ የደረት ራጅ መነሣት ግዴታ ነው፤ እዚህ የሠራች ሁሉ ታውቀዋለች። ከተነሣሁ በሁለተኛው ቀን ተመልሼ እንድመጣ ተጠራሁ። ሳንባዬ ላይ ክብ ክብ ነገሮች ታይተዋል፤ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ምርመራ እስኪያልቅ ፈቃዱ አይታደስም ተባልኩ። በራጅ ተይዘው ወደ አገር ስለተመለሱ ልጆች ስሰማ ኖሬያለሁ፤ እውነቱን ሐሰቱን አላውቅም። ያን ቀን ግን ሁሉንም አመንኩ።

ማዳም ልጆች አሉኝ አለች። አልተቆጣችም፤ ፊቷን ማስክ ሸፍኖት ዓይኗ ብቻ ይታየኛል። ከሥራ አላባርርሽም፣ ነጻ ነሽ የሚል ወረቀት ስታመጪ ትመለሻለሽ፣ እስከዚያ ግን እዚህ ቤት አትቀመጪም አለች። ፓስፖርቴን አልጠየቅኋትም፤ እሷም አላነሣችውም። ጀማል ሻንጣዬን ጭኖ ካራማ ወደሚባል ሰፈር ወሰደኝ። ማዳም የአንድ ሰው አልጋ፣ እነሱ ቤድ ስፔስ የሚሉትን፣ ተከራይታልኝ ነበር።

አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሴቶች ነን፤ ተደራራቢ አልጋ፣ እያንዳንዱ አልጋ ላይ መጋረጃ። ከመጋረጃው ውጭ ያለው ቦታ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ሦስቱ ሥራቸው በወረርሽኙ የተዘጋባቸው ናቸው። እኔ ደግሞ እሠራ ዘንድ ፈቃድ የለኝ፣ ልመለስ ብል አውሮፕላኑ እንደ ልብ አይገኝ፣ ፓስፖርቴ ማዳም ቤት ነው፣ ሐኪሞቹ አልለቀቁኝም። የምሄድበት ስለሌለኝ መጋረጃዬን ስቤ እተኛለሁ። ሳል ሲመጣ ትራስ እነክሳለሁ።

አንዲቷ ልጅ ሰምታ ክፍሉን ለሚያከራየው ሰውዬ ልትናገር ስትነሣ ያስቆመቻት ትዕግሥት ናት። ትዕግሥት የሐዋሳ ልጅ ናት፤ ቢሮ ታጸዳለች፤ ጴንጤ ናት፤ ዓርብ ዓርብ አዳራሽ ተከራይተው የሚያመልኩ አማኞች ዘንድ ነበር የምትሄደው፤ ያ ሲዘጋ በስልክ ያመልኩ ነበር። ያን ዕለት ምንም ክርክር አላነሣችም። ዕቃዋን አንሥታ ከእኔ በላይ ወዳለው አልጋ ወጣች። በኋላ መጋረጃዬን ገለጥ አድርጋ፣ "ሉባባዬ፣ በእኔ መንገድ ብጸልይልሽ ቅር ይልሻል?" አለችኝ። ጸልዪ አልኳት። አልጋዋ ላይ ሆና ስታንሾካሹክ ስሜን ስሰማ፣ ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ስሜን በደግ ያነሣች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ መሆኗን አስተዋልኩ።

የደረት ክሊኒኩ ውስጥ ወንበሮቹ አንድ እየተዘለሉ በፕላስተር ታስረዋል። የቀረው ላይ ተቀምጠን ሁላችንም ላለመሳል እንታገላለን፤ አንዱ ሲስል ሌላው ዞር ይላል። ሐኪሙ ሽማግሌ ሰው ናቸው። የእኔ አረብኛ የማእድ ቤት አረብኛ ነው፤ ያላ፣ ኸላስ፣ ሹግል፤ ቶሎ፣ በቃ፣ ሥራ፤ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ሐኪሙም የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ጀማል አጠገቤ ቆሞ ያስተረጉማል። ከቤተሰብ የታመመ አለ ወይ፣ ከስታለች ወይ፣ ደም ተፍታለች ወይ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ጀማል ወደ እኔ ዞረና፣ "ቀዶ ሕክምና አድርጋ ታውቃለች ወይ ይላሉ" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣው።

የአክታ ምርመራ ታዘዘልኝ። አክታ የለኝም፤ እንፋሎት እያሳቡ ሦስት ቀን ወሰዱ። በአጉሊ መነጽር ምንም አልተገኘም፤ ግን ጀርሙን አሳድገው የሚያዩት ሌላ ምርመራ ስላለ ሳምንታት ጠብቂ ተባልኩ። ጠበቅሁ። እሱም ነጻ ሆኖ ወጣ። ቲቢ አይደለም ሲሉኝ ደስ ብሎኝ አልቅሼ ነበር፤ ሐኪሙ ግን አልሳቁም። ሲቲ ስካን አዘዙልኝ፤ ደረትን እንደ ዳቦ እየቆራረጠ የሚያሳይ ራጅ ነው። የመድን ካርዴ ስለማይሸፍነው ማዳም ከፈለችልኝ፤ ይህን ውለታዋን አልክድም። ውጤቱ ሰባት ክብ ነገር አለ፤ ትልቁ ሽንብራ፣ ትንሹ ምስር ያህላል፤ ሁለቱም ሳንባ ላይ ተበትኗል ይላል።

ከዚያ ጎረቤት ከተማ ሻርጃ ወዳለች የሳንባ ሐኪም ተላክሁ። በእኔ ዕድሜ ያለች ሕንዳዊት ናት፤ ቀስ ብላ ትናገራለች። ሥዕሉን ረጅም ሰዓት አይታ ለጀማል አንድ ነገር ነገረችው። ጀማል ባያስተረጉመውም ካንሰር የሚለው ቃል በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። ከሌላ የሰውነት ክፍል ተነሥቶ ሳንባዬ ላይ የተሠራጨ ካንሰር ሊሆን ይችላል ማለቷ ነበር። ምንጩን ለማግኘት ጡቴንም አንገቴንም ዳሰሰች። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ ጀማልም ያንኑ አስተረጎመ። እኔም ያንኑ መለስኩ።

ለምን ብትሉኝ፣ እንዲህ ነው ያሰብኩት። የምሞት ከሆነ ሞቼ ልቅር፤ ጀማል ግን ሙሉ ሴት እንደሆንኩ ይወቀኝ። ደግሞ ለሳንባ ሕመም ማህፀን ምን አገባው ብዬ ነበር። ሐኪሟ የሆድ አልትራሳውንድም አዝዛልኝ ነበር፤ ያን ቢያዩ ማህፀን እንደሌለኝ ይታወቃል። በቀጠሮው ቀን አሞኛል ብዬ ከአልጋ ሳልነሣ ቀረሁ፤ ለጀማልም ቀኑን ቀይረውታል አልኩት። ሐኪሟ ሌላ ቀን ብትሰጠኝም አልሄድኩም። በራሴ ላይ የሠራሁት ይህ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም።

የአልትራሳውንዱ ውጤት ሲቀርባት ናሙና እንውሰድ አለች። በሲቲ ማሽኑ ላይ በሆዴ አስተኝተው በጀርባዬ በኩል መርፌ ሳንባዬ ውስጥ ያስገባሉ። አደጋው አየር ማምለጥ ነው፤ ሳንባ ሊሟሽሽ ይችላል። መርፌው ውስጥ እያለ ማሳል ፈጽሞ ክልክል ነው ተባልኩ። ለእኔ፣ ወራት ሙሉ በቀን አርባ ጊዜ ስስል ለኖርኩት። ፊቴን ወደ ጎን አዙሬ ተኛሁ። ነርሷ በአረብኛ አትተንፍሺ ስትለኝ እይዛለሁ፤ ተንፍሺ ስትለኝ እለቃለሁ። መርፌው ከገባ በኋላ ሳሉ ከደረቴ ሥር ሲነሣ ተሰማኝ። ፋቲሃን በልቤ ጀመርኩ፤ መሃሉ ላይ ጠፋኝ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ነርሷ የፊቴን ላብ በጓንቷ ጠረገችልኝ። ሳሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ሲያቃጥለኝ መርፌው ወጣ። ከዚያ ሰው እስኪደነግጥ ሳልኩ።

ውጤቱን ለመስማት ስሄድ ሻርጃ ላይ የኮሮና በሽተኛው ቁጥር እንደገና ጨምሮ ነበርና ከታማሚው በቀር ማንም አይገባም የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል። ጀማል ከነክርክሩ ውጭ ቀረ። ብቻዬን ገባሁ። ሐኪሟ አስተርጓሚ እንደሌለኝ አየች። በአረብኛም በእንግሊዝኛም ትንሽ ሞካከረችና ተወችው። ባዶ ወረቀት ሳበችና እስክሪብቶዋን አነሣች። ሁለት ሳንባ ሳለች፤ ውስጡ ሰባት ክብ። ከሥሩ ደግሞ የተገለበጠ እንሥራ የመሰለ ነገር ሳለች፤ ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ፍሬ። እዚያም ላይ ክብ ክብ አደረገች። ከዚያ ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ሳንባው ቀስት ሳበችና እስክሪብቶውን ለእኔ አቀበለችኝ።

ማህፀን እንደሆነ ገብቶኛል። እስክሪብቶውን ይዤ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በመጨረሻ እንሥራው ላይ የኤክስ ምልክት አደረግሁበት። ሁለቱን ፍሬዎች ግን ተውኳቸው፤ ደሴ ላይ የእንቁላል ማምረቻሽን አልነካንም ብለውኝ ነበር። ሐኪሟ ምልክቱን አይታ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እጇን በሳኒታይዘር አሸችና እጄን ያዘችኝ። ያን ጊዜ ሐኪም የታማሚ እጅ አይዝም ነበር።

በኋላ የአማርኛ አስተርጓሚ ሴት በስልክ አገናኝታኝ ሁሉንም አስረዳችኝ። ሳንባዬ ውስጥ ያለው ማዮማ ነው። ማዮማ አንዳንዴ፣ በጣም አልፎ አልፎ፣ ከዓመታት በኋላ ሳንባ ላይ ይገኛል፤ ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ሴቶች ላይ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው። ካንሰር አይደለም፤ ሰውነትን እየበላ አይሄድም፤ ሰውም ላይ አይተላለፍም። የሚመግበው የሴቶች ሆርሞን ስለሆነ ዕድሜዬ ሲገፋና ሆርሞኑ ሲቀንስ ያንቀላፋል፤ ምናልባትም ይሟሽሻል። እስከዚያ ካደገ ሆርሞኑን የሚገታ መርፌ ወይም ሌላ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ካላደገ በየስድስት ወሩ እያዩ መጠበቅ ነው። "መጀመሪያ ብትነግሪኝ ኖሮ የናሙናው መርፌም ላያስፈልግ ይችል ነበር፤ ቢያስፈልግም ወራት በካንሰር ስጋት አትቆዪም ነበር" አለችኝ በአስተርጓሚዋ በኩል። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ጀማል መኪናው ውስጥ ነበር። ወደ ዱባይ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ መኪና በመኪና ላይ ቆሟል። ካንሰር አይደለም አልኩት፤ አልሐምዱሊላህ ብሎ መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ። ዝም ብል ኖሮ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። የሁለታችንም በር ተቆልፎ፣ ወርዶ የሚሄድበት በሌለበት ቦታ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ልጆቹ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

"ሐኪሞቹ ሲጠይቁሽ በመሃል የነበርኩት እኔ ነኝ" አለ። "በእኔ ምክንያት ነው እንዴ አላውቅም ያልሽው?"

"አዎ።"

"ብትሞቺ ኖሮ የገደለሽን ቃል ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ ማለት ነው።"

ካራማ ስንደርስ ሻንጣ እንደሚያወርድ ሰው ወርዶ በሩን ከፈተልኝ። ከዚያም በኋላ ሁለት ቀጠሮ ወስዶኛል፤ ውጭ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። በረራው ሲከፈት ግን ሐርቡ ሄዶ አገባ። ከመሄዱ በፊት ቤተሰቦቼ ልጅ ይፈልጋሉ፣ እኔም እፈልጋለሁ አለኝ፤ ፊት ለፊት ስለነገረኝ አከበርኩት። አልቅሻለሁ። ትዕግሥት አጠገቤ ተቀምጣ የእኔን ልብስ ስታጣጥፍ ዋለች።

ለዘሃራም ደወልኩላት። አፍሽን ያዢ ያልኩሽ እኔ ነኝ ብላ ስልኩ ላይ ተንሰቀሰቀች። የመከርሽኝ፣ ሰው እንዳያዋርደኝ ብለሽ ነው፤ ሐኪም ግን እንደ ሌላው ሰው አይደለም፣ እሱን መለየት ያቃተኝ እኔ ነኝ አልኳት።

ፈቃዴ ታደሰ፤ ማዳምም ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ለሦስት ሰው አስነብባ ተቀበለችኝ። ወደዚያችው መስኮት የለሽ ክፍል ተመለስኩ። ዳንኩ እንዳልል ሰባቱም አሉ፤ ታምሜአለሁ እንዳልል እሠራለሁ፤ ሳሉም በሚሳብ መድኃኒት ቀንሷል። ኑሮዬ በስድስት ወር ይቆረጣል። ከምርመራው በፊት ያለው ወር በሙሉ ደረቴን ሳዳምጥ አልፋለሁ፤ ውጤቱ "እንዳለ ነው" ሲል ሁለት ወር በሰላም እሠራለሁ፤ ከዚያ እንደገና ልቤ መቁጠር ይጀምራል። እናቴ ነይ ትላለች፤ በየስድስት ወሩ የሚነጻጸረው ሥዕል እዚህ ነው፣ አልመጣም እላለሁ። ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ደግሞ ስልኩም ጠፋ። ያን ጊዜ እነሱም እኔም የተዘጋብን ሰዎች ነበርን። እነሱ በሕይወት መኖራቸውን እስክሰማ ድረስ ስለ ሳንባዬ አንድ ቀን አላሰብኩም።

በአምስተኛው ምርመራ ሐኪሟ ከሻርጃ ቀጥላ ወዳለችው አጅማን ተዛውራ ስለነበር እዚያ ተከትያት ሄድኩ። አሁን ብቻዬን እሄዳለሁ፤ አረብኛዬም ተሻሽሏል። የድሮውንና የአዲሱን ሥዕል ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝ። ሽንብራዋ ያው ሽንብራ ናት። ከዚያ ቀጣዩ ቀጠሮሽ ከዓመት በኋላ ነው አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን በስድስት ወር ልምጣ፣ እባክሽ ብዬ ለመንኳት። ሐኪሟ ሳቀች፤ ከዚያ እንዳልቀለድኩ ስታይ ሳቋን ተወችው። "ሉባባ፣ እኔ አልፈራሁም፤ አንቺም መፍራት አይጠበቅብሽም" አለች። አጅማን ባሕሩ ቅርብ ነው። ወጥቼ ዳሩ ላይ ባለው የሲሚንቶ ወንበር ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ወር ተሰጥቶኝ ምን እንደማደርግበት አላውቅም ነበር።

ማታ እራት ካነሣሁ በኋላ ማዳም ፊት ቆምኩ። ሁለት ወር አገሬ ልሂድ፣ ፓስፖርቴን ስጪኝ አልኳት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠይቄያት አላውቅም። ቀና ብላ አየችኝና፣ "ሄደሽ ብትቀሪስ?" አለች።

"ብቀርም የራሴ ጉዳይ ነው፣ ማዳም። ፓስፖርቱ ግን የእኔ ነው።"

ተነሥታ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ እኔም አነሣሁት።

ይህን የምጽፈው ኮምቦልቻ፣ ዘሃራ ቤት ሆኜ ነው። ለእናቴ ትርፍ አንጀት እንዳልነበር ነግሬአታለሁ። ለማንም ሴት የምላት አንድ ነገር ነው፤ ሐኪም የሚጠይቅሽን መልሺለት፤ የሚያስተረጉምልሽ ሰው ፊት አፍሽ ካልተፈታ፣ ውጣልኝ በይው፤ ካልሆነም ወረቀትና እስክሪብቶ ጠይቂ። እኔ ለአንዲት "አላውቅም" የከፈልኩት በዛብኝ።

የመመለሻ ትኬቴ ለሚቀጥለው ሳምንት ነው። ልመለስ ወይስ ልቅር ገና አልወሰንኩም። ለመወሰን የማንንም ፈቃድ አልጠብቅም፤ ይህ ራሱ ለእኔ አዲስ ነው።